ምዕራፍ ሰባት፦ ጥጥና ሸማኔ

ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ወላጅ ያለው ሰው፥ እናቱ የሚወዱትን የልጅ ልጃቸውን ለመጥራት አፋቸውን ከፍተው፥ በመጀመሪያ የአጎቱን ስም፥ ቀጥሎም የሟች ወንድማቸውን ስም፥ በመጨረሻም ሁሉ ሲጠፋባቸው «አንተ ልጅ» ብለው ሲያልፉት ያየ እንደ ሆነ፥ በልቡ የሚያድርበትን ሥጋት ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ከዚህ ሥጋት የተነሣ ነው፥ በዋሽንግተን ወይም በቶሮንቶ የሚኖር ልጅ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ መንገደኛ አደራ ብሎ፥ ከልብስና ከጫማ መካከል ተወትፎ የሚደርስ የእንክብል ጠርሙስ ለእናቱ የሚልከው። በጠርሙሱ ላይ አንዳንዴ ሌሲቲን፥ አንዳንዴ ሲቲኮሊን፥ አንዳንዴም አልፋ ጂፒሲ የሚል ስም ተጽፎበታል፤ የሦስቱም ፍሬ ነገር ግን ኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር ነው።

በምዕራፍ ሦስት የነርቭ ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት የኬሚያ መልእክተኛ በመላክ እንደ ሆነ አይተናል። በምዕራፍ አምስት ደግሞ፥ በፓርኪንሰን ሕመም ዶፓሚን የተባለው መልእክተኛ ባነሰ ጊዜ፥ መሥሪያው የሆነውን ሌቮዶፓን በመስጠት በሽተኛው ከተቀመጠበት ተነሥቶ እንዲራመድ ማድረግ እንደ ተቻለ ተረድተናል። ይህ ምዕራፍ ከእነዚያ ከሁለቱ የሚወለድ ነው። ለሚንቀጠቀጠው ሰው ጥሬ ዕቃውን መስጠት ከረዳው፥ ለሚረሳውስ ሰው የጎደለበትን ጥሬ ዕቃ ብንሰጠው ተዘክሮው አይመለስለትምን? ጥያቄው ቅን ነው፤ በቅንነትም ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተመርምሯል። የምርመራው ውጤት ግን አብዝቶ የሚናገረው ስለ ጥሬ ዕቃው ሳይሆን፥ ጥሬ ዕቃውን ተቀብሎ ስለሚሠራበት ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ።

ከሐሞትና ከእንቁላል አስኳል

ኮሊንን ከእንስሳ ሐሞት ለይቶ ያወጣውና በ1862 ስም የሰጠው አዶልፍ ስትሬከር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚያ ሊቅ ነው (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ቴዎዶር ጎብሌ የተባለ ፈረንሳዊ መድኃኒት ቀማሚ ከእንቁላል አስኳል ውስጥ ሌሲቲን ብሎ የሰየመውን ቅባት አግኝቶ ነበር፤ ያ ቅባት ኋላ በተመረመረ ጊዜ፥ ኮሊን ከክፍሎቹ አንዱ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ዛሬ በጠርሙስ ታሽጎ የሚሸጠው ነገር፥ የማንኛይቱም የገበሬ ሚስት ዶሮ በየቀኑ የምትሰጠው ነገር ነው።

የሰው ጉበት ራሱ ጥቂት ኮሊን ይሠራል፤ ነገር ግን የሚሠራው ለሰውነት ስለማይበቃ፥ የቀረው ከማዕድ መምጣት አለበት። ስለዚህ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ1998 ለአዋቂ ወንድ በቀን 550 ሚሊግራም፥ ለአዋቂ ሴት 425፥ ለነፍሰ ጡር 450፥ ለምታጠባ እናት ደግሞ 550 ሚሊግራም በቂ ነው ብሎ ወሰነ። አንድ ትልቅ እንቁላል 150 ሚሊግራም ያህል ይሰጣል፤ ከምግብ ሁሉ አብልጦ የሚሰጠው ግን የከብት ጉበት ነው።

ኮሊን በሰውነት ውስጥ ከአንድ የበለጠ አገልግሎት አለው፤ ለምርመራችን ግን ሁለቱ ይበቁናል። አንደኛው፥ የእያንዳንዱ ሕዋስ አካል የሚሸፈንበትን ስስ ቅባታማ ገለፈት መሥራት ነው። ሁለተኛው፥ በአንጎል ውስጥ አሴቲልኮሊን ለተባለው መልእክተኛ መሥሪያ መሆን ነው። አንዱ ንጥረ ነገር ለገላም ለመልእክትም ማገልገሉን አንባቢ በልቡ ያኑር፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለንና።

የሁለት ልቦች ምስክርነት

አሴቲልኮሊን መልእክተኛ መሆኑ የታወቀበት ታሪክ፥ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ እጅግ ከሚያስደንቁት አንዱ ስለ ሆነ፥ ዘለን ልናልፈው አይገባም። ኦቶ ሌዊ በኦስትሪያ በግራትስ ከተማ የመድኃኒት ትምህርት መምህር ነበር። በዚያን ዘመን ሊቃውንቱ ነርቭ ትእዛዙን ለልብ የሚያደርሰው በኤሌክትሪክ ነው ወይስ በፈሳሽ ነገር ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር፤ ክርክሩን የሚፈታ ፈተና ግን ማንም ሊያስብ አልቻለም። ሌዊ ራሱ እንደ ተረከው፥ በትንሣኤ በዓል ሰሞን አንድ ሌሊት የፈተናውን አሠራር በሕልሙ አይቶ፥ ብንን ብሎ በቁራጭ ወረቀት ላይ ከጻፈ በኋላ ተመልሶ ተኛ፤ ሲነጋ ግን የገዛ ጽሕፈቱን ማንበብ አቃተው። ቀኑን ሙሉ በጭንቀት ውሎ በማግሥቱ ሌሊት ሕልሙ ተመለሰለት፤ በዚህ ጊዜ ግን ወረቀት ሳይፈልግ ከአልጋው ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ።

የሠራውም ይህ ነው። የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ አውጥቶ በጨው ውኃ ውስጥ እየመቱ እንዲቆዩ አደረገ፤ የመጀመሪያው ልብ ቫገስ የተባለው ነርቭ ሳይቆረጥ ተያይዞበታል፥ ሁለተኛው ግን ነርቭ የለውም። የመጀመሪያውን ልብ ነርቭ በኤሌክትሪክ በነካው ጊዜ፥ እንደሚጠበቀው የልቡ ምት ዘገየ። ከዚህ በኋላ ያ ልብ የነበረበትን ውኃ ጥቂት ቀድቶ በሁለተኛው ልብ ላይ አፈሰሰው፤ ነርቭ የሌለው፥ ማንም ያላዘዘው ሁለተኛው ልብም ዘገየ። ትእዛዙ በውኃው ውስጥ ነበረ። ሌዊ ይህን በ1921 አሳተመ፤ በውኃው ውስጥ የነበረው ነገርም አሴቲልኮሊን ሆኖ በመገኘቱ፥ ይህን ንጥረ ነገር አስቀድሞ ካጠናው ከእንግሊዛዊው ከሄንሪ ዴል ጋር በ1936 የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ።

የሸማኔው ቤት

አሁን ነገሩን በቅርብ በምናውቀው ሥራ እናስረዳ። ሸማኔ በጉድጓዱ ጫፍ ተቀምጦ፥ እግሮቹን ከታች በመርገጫው ላይ አሳርፎ፥ ድሩን ከፊቱ ወጥሮ፥ በአንድ እጁ የወረወረውን መወርወሪያ በሌላው እየተቀበለ ማጉን በድሩ መካከል ሲያመላልስ ያየ ሰው፥ ከዚያ ሥራ በፊት ምን ያህል ድካም እንደ ተደከመ ያውቃል፤ ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ወጥቷል፥ ተባዝቶ ለስልሷል፥ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ሆኗል። በአንጎል ውስጥ ኮሊን ጥጡ ነው፤ የነርቭ ሕዋሱ ሸማኔው ነው፤ ከጥጡ የሚወጣው ሸማ አሴቲልኮሊን ነው። ሸማኔው የሚሠራበት የእጅ ጥበብ ደግሞ ሊቃውንቱ ኢንዛይም የሚሉት፥ አንድን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ የሕዋስ መሣሪያ ነው።

የዚህ ቤት ልማድ ግን ከሌላው ቤት ልዩ ነው። ሸማው ተሠርቶ ወደ ጎረቤት ተልኮ መልእክቱን እንዳደረሰ፥ በደጅ የቆመ ሌላ ኢንዛይም ወዲያው ይተረትረዋል፤ ከተተረተረውም ፈትል ብዙው ተለቅሞ ለሸማኔው ይመለስለታል። ይህ ባይሆን መልእክቱ ሳያቋርጥ ይጮኽ ነበርና አንዱ ቃል ከሌላው አይለይም ነበር። ደግሞም ሸማኔው ራሱ የለበሰው ጋቢ ከዚያው ጥጥ የተሠራ መሆኑን አንርሳ፤ የሕዋሱ ገለፈት ከኮሊን እንደሚሠራ ከላይ ተናግረናል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበረው ሪቻርድ ዉርትማን፥ ጥጥ በጎደለበት ጊዜ ይህ ሸማኔ ሥራው እንዳይቋረጥ ብሎ የገዛ ጋቢውን እየተረተረ ይሸምናል የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። አሳቡ እስካሁን በሰው ላይ በሚገባ የተረጋገጠ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ ሥራ የሚሠሩት እነዚህ ሕዋሳት ለምን ከሌሎቹ ቀድመው እንደሚጎዱ ለማስረዳት የቀረበ ብርቱ አሳብ ነው።

ተዘክሮን የሚያጠፋ ፍሬ

ይህ ሸማ የተዘክሮ ሸማ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? በ1974 ዴቪድ ድራክማንና ጃኔት ሌቪት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፥ ጤናማ ለሆኑ ወጣቶች ስኮፖላሚን የተባለውን መድኃኒት ሰጡ። ስኮፖላሚን አሴቲልኮሊን በሚያርፍበት ስፍራ ቀድሞ ገብቶ ስለሚቀመጥ፥ የተላከው መልእክት ተቀባይ ያጣል። ወጣቶቹም ቀድሞ የሚያውቁትን ለማውጣት ብዙ ባይቸገሩም፥ አዲስ የሰሙትን ቃል ይዞ ማቆየት ተሳናቸው፤ የፈተና ውጤታቸውም መድኃኒት ያልወሰዱ ሽማግሌዎች ከሚያገኙት ጋር የሚመሳሰል ሆነ።

ይህን ሳነብ ልቤ ወደ አገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከአስተናግር ፍሬ የሚዘጋጀውን አብሾ፥ ትምህርት ይገባኝ፥ ድጓውና ቅኔው በልቡናዬ ይጻፍልኝ ብሎ የጠጣ ተማሪ ታሪክ በየጉባኤ ቤቱ ይነገራል፤ ጠጥቶ የቀባዠረው፥ ያበደውም ታሪክ አብሮ ይነገራል። አስተናግር በውስጡ የያዘው ያንኑ ስኮፖላሚንንና ወንድሙን አትሮፒንን ነው። ድራክማን በቤተ ሙከራ ውስጥ በልኩ መጥኖ የሰጠው፥ ተማሪው ያለ መጠን የጠጣው፥ ተዘክሮን የሚከፍት ሳይሆን የሚዘጋ መርዝ ነው፤ መጠኑም ከበዛ ነፍስ ያጠፋል። የሊቃውንቶቻችን አእምሮ ያን ሁሉ መጽሐፍ የያዘው በፍሬው ኃይል ሳይሆን፥ ገና ጨለማው ሳይገፈፍ ተነሥተው በመቀጸላቸው፥ የዛሬውን ቀለም ከትናንቱ ጋር እየመላለሱ በማጥናታቸው መሆኑን ለእነርሱ ክብር ሲባል መናገር ይገባል።

ሸማኔዎቹ ያለቁበት ቤት

ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1976፥ በስኮትላንድ በኤዲንብራ ፒተር ዴቪስና ማሎኒ የተባሉ ተመራማሪዎች፥ በአልዛይመር ሕመም ያረፉ ሰዎችን አንጎል መርምረው፥ ከኮሊን አሴቲልኮሊንን የሚሠራው ኢንዛይም እጅግ ቀንሶ እንዳገኙት ገለጡ፤ በለንደንም ዴቪድ ቦወንና ባልደረቦቹ በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ሁሉ ነገር የገጠመ መሰለ። ፓርኪንሰን በሌቮዶፓ ታክሟል፤ በማሳቹሴትስ ኮሊን የተሰጣቸው አይጦች በአንጎላቸው ውስጥ ያለው አሴቲልኮሊን መጨመሩ ተለክቷል፤ ኮሊን ደግሞ ከእንቁላልና ከአኩሪ አተር የሚገኝ፥ ርካሽና የዋህ ነገር ነው። የዚያን ጊዜ ሐኪሞች በተስፋ መሞላታቸው አይፈረድባቸውም።

ስለዚህ ሌሲቲንን በማንኪያም በእንክብልም እያደረጉ ለበሽተኞች መስጠት ተጀመረ፤ ግማሾቹ እውነተኛውን፥ ግማሾቹ መልኩ መድኃኒት የሚመስል ባዶ ነገር እየወሰዱ፥ ማን የትኛውን እንደ ወሰደ ሐኪሙም በሽተኛውም ሳያውቁ ተፈተኑ። የዚህ ዓይነቱ ፈተና ለምን እንደሚያስፈልግ ባለፈው ምዕራፍ በሰፊው ስላየን እዚህ አንደግመውም። ኋላም በእንዲህ ያለ ዳኝነት የታወቀው የኮክሬን ማኅበር 12 ጥናቶችን ሰብስቦ አመዛዘነ፤ በእነርሱም ውስጥ 265 የአልዛይመር፥ 21 የፓርኪንሰን መርሳት ያለባቸው በሽተኞች፥ እንዲሁም ተዘክሯችን ደከመብን የሚሉ 90 ሰዎች ነበሩ። ለአልዛይመርም ሆነ ለፓርኪንሰን መርሳት ግልጥ ጥቅም ያሳየ አንድም ጥናት አልተገኘም።

ለምን? መልሱ በ1982 ከባልቲሞር መጣ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ዋይትሃውስና ባልደረቦቹ፥ በአንጎል ሥር አጠገብ ያለችውን፥ አሴቲልኮሊንን ወደ አንጎል ቅርፊት የሚልኩት ሕዋሳት የሚኖሩባትን ትንሽ ስፍራ በማጉያ መነጽር መርምረው፥ በአልዛይመር በሽተኞች ላይ ከአራቱ ሕዋሳት ከሦስቱ በላይ ጠፍተው አገኙ። እንግዲህ የጎደለው ጥጡ አልነበረም፤ ያለቁት ሸማኔዎቹ ናቸው። ሸማኔው በሞተበት ቤት ጥጥ ቢከመር ቤቱን ያጣብባል እንጂ ሸማ አይሆንም። በሕይወት የቀሩትም ሸማኔዎች እጃቸው የሚችለውን ያህል ስለሚሸምኑ፥ ከሚበቃቸው በላይ ጥጥ ቢቀርብላቸው ከዚያ አይጨምሩም። ደግሞም በ1995 በማሳቹሴትስ በማክሊን ሆስፒታል የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፥ ወጣትና ሽማግሌ እኩል ኮሊን በልተው በደማቸው ያለው መጠን በተመሳሳይ ቢጨምርም፥ ወደ ሽማግሌው አንጎል የሚዘልቀው ግን ከወጣቱ እጅግ ያነሰ ነው፤ ጥጡ ገበያ ደርሶ ከቤቱ ሳይገባ የቀረ ያህል ነው።

ሌቮዶፓ ተሳክቶ ሌሲቲን ስለ ምን ወደቀ ለሚል፥ ሁለት ነገር ልንለው እንችላለን። ሌቮዶፓ ዶፓሚን ለመሆን የቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ያውም የሥራው አስቸጋሪ ክፍል ካለፈ በኋላ ያለው ቀላል እርምጃ ስለ ሆነ፥ ሌሎች ሕዋሳት እንኳ ሊሠሩት ይችላሉ። አሴቲልኮሊን ግን የገዛ ሸማኔውን ይፈልጋል። ከዚህም በላይ አልዛይመር የአንድ መልእክተኛ እጦት ብቻ አይደለም፤ በምዕራፍ ስድስት ያየናቸው የፕሮቲን ክምችቶች ብዙ ዓይነት ሕዋሳትን አብረው ያጠፋሉ።

ጥጥ መጨመሩ አልሆን ሲል፥ ሐኪሞች ፊታቸውን በደጅ ወደ ቆመው ተርታሪ መለሱ። ጥቂት ሸማ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፥ ያ ጥቂቱ ቶሎ እንዳይተረተር ተርታሪውን ማዘግየት ይቻላልና። በ1993 በአሜሪካ የተፈቀደው ታክሪን የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያው መድኃኒት ነበረ፤ ጉበትን ስለሚጎዳ ግን ውሎ አድሮ ተተወ፤ በ1996 የተፈቀደው ዶኔፔዚል እስከ ዛሬ ይታዘዛል። እነዚህ መድኃኒቶች በሽታውን አያቆሙትም፤ ለብዙ በሽተኞች ግን ጥቂት ወራት የሚያህል መጠነኛ እፎይታ ይሰጣሉ። ተስፋችን ትልቅ ስለ ነበረ ይህን መጠነኛ ነገር መናቅ የለብንም፤ እናቲቱ የልጅ ልጃቸውን በስሙ የሚጠሩበት አንድ ተጨማሪ ክረምት ለቤተሰቡ ዋጋ አለው።

አዲሶቹ ጠርሙሶች

ሌሲቲን ከወደቀ በኋላ ነጋዴም ተመራማሪም ወደ አንጎል ይልቅ ይገባሉ ወደተባሉት ወደ ሲቲኮሊንና ወደ አልፋ ጂፒሲ ዞሩ። ሲቲኮሊን በትልልቅ ጥናቶች የተፈተነው በተዘክሮ ሳይሆን በተጎዳ አንጎል ላይ ነው፤ በ2012 የታተሙት ሁለቱ፥ አንዱ 2298 ስትሮክ የመታቸውን፥ ሌላው ጭንቅላታቸው በአደጋ የተጎዳ 1213 ሰዎችን ይዘው፥ ከባዶው እንክብል የተለየ ጥቅም አላገኙበትም። የደም ሥር ችግር ባለባቸው አረጋውያን ላይ የተደረጉ ትናንሽና አጫጭር ጥናቶች በተዘክሮ ላይ ጥቂት መሻሻል ዘግበዋል፤ እኔ ግን በአጭር ጊዜ የታየውን መሻሻል በዓመታት ከሚሄድ ሕመም ጋር ለማመዛዘን አልደፍርም።

ስለ አልፋ ጂፒሲ ከሁሉ የሚጠቀሰው በ2003 የታተመው የሜክሲኮ ጥናት ነው። በዚያ ጥናት ከቀላል እስከ መካከለኛ የአልዛይመር ሕመም ያለባቸው 261 ሰዎች ለ180 ቀን፥ ግማሾቹ በቀን ሦስት ጊዜ 400 ሚሊግራም፥ ግማሾቹ ባዶ እንክብል ሲወስዱ ቆይተው፥ መድኃኒቱን የወሰዱት በአእምሮ ፈተና የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ውጤቱ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን አንድ ጥናት፥ መልካምም ቢሆን፥ በሌሎች እጅ በሰፊው ተደግሞ እስኪጸና ድረስ እንደ አንድ ምስክር ቃል ነው፤ ነገር ደግሞ የሚጸናው በሁለትና በሦስት ምስክር ነው። ይልቁንም በ2021 ከኮሪያ የወጣው፥ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን መዝገብ የመረመረው ጥናት፥ አልፋ ጂፒሲ የታዘዘላቸው ሰዎች በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት በስትሮክ የመያዛቸው መጠን ካልታዘዘላቸው በ46 በመቶ የበለጠ መሆኑን ዘግቧል። መድኃኒቱ የሚታዘዘው አስቀድሞ ተዘክሮው ለደከመ፥ ምናልባትም የደም ሥሩ ለታመመ ሰው ስለ ሆነ፥ ጥፋቱ የእንክብሉ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ እንክብሉ ግን ምንም አይጎዳም ብሎ ለአባት መላክም ከዚህ በኋላ አይቻልም።

ለምን ይጎዳ ይሆን ለሚለው አንድ መንገድ ይጠረጠራል። በአንጀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከኮሊን የበሰበሰ ዓሣ የሚሸት ጋዝ ይሠራሉ፤ ጉበት ደግሞ ያን ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጠዋል፤ የክሊቭላንድ ክሊኒክ ተመራማሪዎችም ከ2011 ጀምሮ ይህ ንጥረ ነገር በደማቸው የበዛባቸው ሰዎች ለልብና ለደም ሥር ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። ኮሊንን ያለ መጠን የሚወስድ ሰው ገላው ዓሣ ዓሣ መሽተቱ፥ ማላቡና የደም ግፊቱ መውረዱ ከዚያ ሁሉ በፊት የታወቀ ነበር፤ ስለዚህም ለአዋቂ ሰው ከምግብም ከእንክብልም የሚገባው በቀን ከ3500 ሚሊግራም እንዳያልፍ ተወስኗል።

የእጦቱ እውነተኛ ስፍራ

እንግዲህ ኮሊን ለማንም አይጠቅምም ማለት ነውን? አይደለም። ጥጥ የሚጠቅመው ሸማኔው በሕይወት ሳለ ጥጥ ያጣ እንደ ሆነ ነው። በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ዛይዝልና ባልደረቦቹ በ2007 እንደ ገለጡት፥ 57 ጤነኛ ሰዎች ኮሊን የጎደለበት ምግብ ብቻ እንዲበሉ በተደረጉ ጊዜ፥ ከወንዶቹ 77 በመቶ፥ የወር አበባቸው ካቆመ ሴቶች 80 በመቶ፥ ገና ከሚያዩት ግን 44 በመቶ ብቻ ጉበታቸው ስብ ሞላበት ወይም ጡንቻቸው ተጎዳ፤ ኮሊን በተመለሰላቸው ጊዜም ዳኑ። ሴት በወሊድ ዘመኗ ይህ እንዲቀልላት ያደረገው፥ በጉበት ኮሊን የሚሠራውን ኢንዛይም የሚቀሰቅሰው የሴትነት ሆርሞን ነው። በዚህ ጥናት የተጎዳው ጉበትና ጡንቻ እንጂ ተዘክሮ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

ለተዘክሮ ከሁሉ የበለጠ ተስፋ ያለው ስፍራ ግን እርጅና ሳይሆን ማሕፀን ነው። ዋረን ሜክና ክርስቲና ዊልያምስ በእርግዝናቸው ጊዜ ተጨማሪ ኮሊን የተሰጣቸውን አይጦች ልጆች እስከ እርጅናቸው ተከታትለው፥ መንገድን በማስታወስ ከሌሎቹ እንደሚበልጡ አሳዩ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ2018 የታተመ ጥናትም፥ በእርግዝናቸው የመጨረሻ ሦስት ወር በቀን 930 ሚሊግራም ኮሊን ያገኙ እናቶች ልጆች፥ 480 ሚሊግራም ካገኙት እናቶች ልጆች ይልቅ በመጀመሪያው ዓመታቸው ለሚያዩት ነገር ፈጥነው ምላሽ እንደ ሰጡ ዘገበ። የተጠኑት እናቶች ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩ ገና ነው። አሳቡ ግን ከምሳሌያችን ጋር ይስማማል፤ በማሕፀን ውስጥ ጥጡ ለሸማ ብቻ ሳይሆን፥ ገና ለሚፈጠረው ሸማኔ ለራሱ ልብስ ይሆናልና።

በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ሰዎችስ? በአሜሪካ በፍራሚንግሃም 1391 ሰዎች በተጠኑበት ጊዜ፥ ኮሊን ያለበትን ምግብ አብዝተው የሚበሉት በቃልና በዓይን ተዘክሮ ፈተና የተሻሉ ሆነው ተገኙ (2011)፤ በፊንላንድ በኩኦፒዮ ዕድሜያቸው ከ42 እስከ 60 የሆኑ 2497 ወንዶች ለብዙ ዓመታት ከተጠበቁ በኋላም፥ ከእንቁላልና ከሥጋ የሚገኘውን ዋነኛውን የኮሊን ዓይነት አብዝተው የበሉት ሩብ፥ ጥቂት ከበሉት ሩብ ይልቅ በመርሳት በሽታ የመያዛቸው ዕድል በ28 በመቶ ያነሰ ሆነ (2019)። እንቁላል የሚበላ ሰው ግን ከኮሊን ሌላም ብዙ ነገር ይበላል፤ ሀብቱም፥ ትምህርቱም፥ ሥራውም የተለየ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ጥናቶች ስለ ማዕድ ይመሰክራሉ፤ ስለ ጠርሙስ አይመሰክሩም።

ስለ ማዕድ ከተነሣ ዘንድ፥ ከዓመቱ ቀን ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ሥጋ፥ ወተትና እንቁላል ሳይቀምስ ለሚጾም አንባቢ አንድ ቃል መናገር ይገባኛል። ጾም የኮሊን እጦት ነው ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ባቄላ፥ ሽምብራ፥ ምስርና ድንች ሁሉም ኮሊን አላቸው፤ ግማሽ ኩባያ የተቆላ አኩሪ አተር ብቻ 107 ሚሊግራም ይሰጣል። እንጀራን በሽሮ የሚበላ ሰው እንጀራን በሚጥሚጣ ብቻ ከሚበላው የተለየ ነው። ሆኖም ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ይህን ጉዳይ ከሐኪሟም ከንስሐ አባቷም ጋር ብትነጋገርበት መልካም ነው።

ከመጨመር በፊት መቀነስ

ተዘክሮ ለደከመ ሽማግሌ ጠርሙስ ከመላክ በፊት ሊደረግ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች መቁጠር ነው። ስኮፖላሚን በወጣቶቹ ላይ ያደረገውን ሥራ፥ በተለያየ ስም የሚጠሩ ብዙ የተለመዱ መድኃኒቶች በመጠኑም ቢሆን ያደርጉታል፦ ለማሳከክና ለጉንፋን የሚሰጡት ክሎርፌኒራሚንና ዳይፈንሃይድራሚን፥ ለእንቅልፍና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፥ ሽንት አልቆም ላለ ሰው የሚታዘዘው ኦክሲቡቲኒን። በሲያትል ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3434 ሰዎች ከሰባት ዓመት በላይ በአማካይ ተጠብቀው በ2015 በታተመው ጥናት፥ እንዲህ ያሉትን መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ አብዝተው የወሰዱት በመርሳት በሽታ ይበልጥ እንደ ተያዙ ታይቷል። ኮሊን እየዋጡ በላዩ አሚትሪፕቲሊን የሚወስዱ አዛውንት፥ ጥጥ እየገዙ ሸማው የሚደርስበትን ቤት ዘግተውታል።

ስለዚህ ከባሕር ማዶ ያለው ልጅ ለመንገደኛው አደራ ከሚል፥ ስልክ ደውሎ እኅቱን ወይም ወንድሙን፥ እናታችን የሚወስዱትን ሁሉ፥ ከመድኃኒት ቤት የተገዛውንም፥ ከጎረቤት የተለመነውንም፥ ከፍራሹ ሥር የተቀመጠውንም ሳይቀር በአንድ ፌስታል ሰብስበህ ለሐኪም አሳይ ቢለው ይሻላል። ሐኪሙ ከመካከላቸው የሚቀረውን ይለያል፤ የቪታሚን ቢ12 እጦትና የእንቅርት ዕጢ መድከም በደም ምርመራ የሚታወቁ፥ ታክመውም የሚሻሉ የመርሳት ምክንያቶች ስለ ሆኑ እነርሱንም ይመረምራል። በድንገት ሲቋረጡ የሚጎዱ መድኃኒቶች ስላሉም፥ ከፌስታሉ ውስጥ አንዱም ቢሆን ሐኪሙ ሳያዝ መቋረጥ የለበትም።